ወጣቱም ይፍረድ
በክረምት የሚነበቡ ልብ ወለዶችና የለጋው አንባቢ ሚዛን

የሥነ ጽሑፍ ሂስ በአገራችን ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በዐይነ ኅሊናችን የሚታየን ደራሲውና ሐያሲው ፊት ለፊት የሚሟገቱበት መድረክ ነው። ሦስተኛው ወገን፣ ይኸውም መጽሐፉ የተጻፈለት አንባቢ፣ ከአዳራሹ ውጭ ተራውን እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ይቆጠራል። ከአንባብያንም መካከል በዕድሜ ለጋ የሆነው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጭራሹን አይጠየቅም። ቢጠየቅም በፈተና ወረቀት ላይ ነው፤ በዚያም የሚፈለግበት የራሱን ፍርድ መስጠት ሳይሆን መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈውን መልሶ ማስረከብ ነው።

ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ከአማርኛ ልብ ወለዶቻቸው ለአንዱ የሰጡት ርእስ «ወጣት ይፍረደው» የሚል ነበር። ርእሱ ከመጽሐፉ ተለይቶ ለብቻው ቢወሰድ እንኳ በሂስ ሥራ ለተሰማራ ሁሉ ጥያቄ ያቀርባል። ወጣቱ እንዲፈርድ በእርግጥ እንፈልጋለን ወይ? ፍርዱን ስንሰማስ ምን እናደርግበታለን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአንድ በተወሰነ ቦታና በተወሰኑ መጻሕፍት ላይ አሳርፎ መመርመር ነው።

የክረምቱ ንባብ

ቦታው ጊዳ አያና ነው፤ በምሥራቅ ወለጋ፣ ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ አቅጣጫ የሚገኝ የወረዳ ከተማ። ጊዜው ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምት ነው። በወለጋ ክረምት ማለት ዝናቡ የማያባራበት፣ በቆሎው የሚታረምበት፣ መንገዱ የሚጨቀይበት ወቅት ነው። ተማሪው ከአረምና ከከብት ጥበቃ፣ ተማሪዋ ከእንጨት ለቀማና ከማጀት ሥራ የሚተርፋቸውን ሰዓት ነው ለንባብ የሚያውሉት። መጽሐፉም አብዛኛውን ጊዜ ከመደብር የተገዛ አይደለም። ከታላቅ ወንድም፣ ከጎረቤት መምህር፣ ወይም ነቀምቴ ደርሶ ከተመለሰ ዘመድ በውሰት የተገኘ፣ ከብዙ እጅ ያለፈ፣ አንዳንዴም የመጨረሻ ገጾቹ የተገነጠሉ ነው።

ባለፉት ዓመታት በምሥራቅ ወለጋ በደረሰው ግጭት ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት፣ ቤተሰብ ከቀዬው የተፈናቀለበት ጊዜ እንደ ነበር ለአንባብያን የተሰወረ አይደለም። እንዲህ ያለውን ጊዜ ያየ ልጅ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ «ይህን ወደድሁ፤ ያንን ግን አልተቀበልሁትም» ሲል ቀላል ነገር አላደረገም። በራሱ ላይ እምነት አሳድሯል ማለት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ስንል አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት የጊዳ አያና ተማሪ በአንድ ክረምት አምስት ልብ ወለዶችን አነበበች እንበል። ስም አንሰጣትም። በአፏ የምናኖረው ቃል የአንዲት የታወቀች ልጅ ንግግር ሳይሆን ከተማሪዎች ጋር ስለ መጻሕፍት የተወያየ መምህር ሁሉ በየጊዜው የሚሰማው ዐይነት አስተያየት ነው። አስተያየቶቹን አንድ በአንድ ወደ መጻሕፍቱ እየወሰድን እንመዝናለን፤ መጻሕፍቱንም በአስተያየቶቹ እንመዝናለን።

«ሁሉም ለምን ይሞታሉ?»

የመጀመሪያው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው ይህ ልብ ወለድ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ያለው ሲሆን፣ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ ማንበብ ለማይችለው ሰው ጭምር የደረሰ ሥራ ነው። ታሪኩ የተፈጸመበት ጎጃምም ለጊዳ አያና ሰው ሩቅ አገር አይደለም፤ ዓባይን መሻገር ነው።

ተማሪዋ ስለዚህ መጽሐፍ ሦስት ነገር ትላለች። ሰብለ ወንጌል ቀድማ መወሰን ነበረባት። ጉዱ ካሣ የሚናገረው እውነት ነው፤ ነገር ግን ንግግሩ ይረዝማል። በመጨረሻም፣ ሁሉም ለምን ይሞታሉ?

ከእነዚህ መካከል ሁለተኛው ፍርድ በሐያስያንም ዘንድ የታወቀ ነው። ጉዱ ካሣ ደራሲው ስለ ሥርዓቱ ያለውን ሐሳብ የሚያስተላልፍበት አንደበት በመሆኑ ታሪኩ ለክርክሩ ቦታ ሲለቅ ይታያል። ተማሪዋ የሂስ ቃላት ሳይኖራት እዚያ ድምዳሜ ላይ የደረሰችው በድካም ስሜት ነው፤ የአንባቢ ድካም ደግሞ ማስረጃ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ከዚህም የጠለቀ ነው። ስለ ሰብለ ወንጌል ሲነገር ውበቷ፣ ታማኝነቷና መከራዋ ይወደሳል። ተማሪዋ ግን የጠየቀችው ስለ ውሳኔዋ ነው። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር እየመረጡ ዕድሜዋን ሲያሳልፉ ልጅቱ ምን ታስብ ነበር? ልብሷን ለውጣ ከቤት የወጣችበት ሰዓት ለምን ያን ያህል ዘገየ? ስለ ጋብቻ የቤተሰብ ቃል ዛሬም በሚከብድበት ገጠር የምትኖር ልጅ ይህን ጥያቄ ስታነሣ ከገጸ ባሕርይዋ ጋር ስለ ራሷ ዕጣ መማከሯ ነው። መምህሩ «እርሱ የዘመኑ ባህል ነው» ብሎ ቢያልፈው መልስ አልሰጠም።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ተማሪዋን ራሷን ወደ መጽሐፉ የሚመልሳት ነው። በእርግጥ ሁሉም አይሞቱም፤ ሁሉም ነገርም በሞት አያልቅም። በአበጀ በለው የሚመራው የገበሬዎች አመፅ ፊታውራሪ መሸሻን ሲያዋርድ መጽሐፉ ሌላ ፍጻሜ ያሳያል። ለጋ አንባቢ የፍቅረኞቹን ዕጣ ለማወቅ ስለሚቸኩል እነዚያን ምዕራፎች እየዘለለ ያነባል፤ ስለዚህም የበዛብህ ሞት እንደ ዕድል ጉዳይ ሆኖ ይታየዋል። ነገር ግን በዛብህን ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ያሰረው የወላጆቹ ስእለት፣ ሰብለን ያሰረው የዘር ቆጠራ፣ ገበሬውን ያሰረው ግብር የአንድ ሥርዓት ሦስት ገመዶች ናቸው። ፍቅረኞቹ ሁለቱን ገመዶች በየግላቸው ለመበጠስ ሞክረው ወደቁ፤ ገበሬዎቹ ሦስተኛውን በኅብረት ሞከሩት። ተማሪዋ የዘለለቻቸውን ምዕራፎች ብትመለስባቸው ለጥያቄዋ የደራሲውን መልስ ታገኛለች። ባትረካበት ደግሞ አለመርካቷን በምክንያት ለማስረዳት ትችላለች።

በሁለት ሌሊት ያለቀው መጽሐፍ

ሁለተኛው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። ተማሪዋ በሁለት ሌሊት ጨርሳዋለች፤ ስለ እርሱም የምትለው «ማቆም አቃተኝ» ብቻ ነው። የጣና ገዳማትን፣ የረቀቀ ሳይንስንና ስለላን በአንድ ክር ያያያዘው ይህ ልብ ወለድ በወጣቶች እጅ እንደ ልብ የተዘዋወረ ነው።

አንዳንድ መምህራን እንዲህ ያለውን ንባብ እንደ ጊዜ ማባከን ያዩታል። አስተያየቱ ተገቢ አይመስለንም። ከዚያ በፊት የነበረውም ትውልድ በማሞ ውድነህ ብዕር ወደ አማርኛ የተመለሱ የስለላ መጻሕፍትን በትራሱ ሥር እየደበቀ ሲያነብ ነው ወፍራም መጽሐፍ መያዝን የተለማመደው። ይሁን እንጂ «ማቆም አቃተኝ» የንባብ መግቢያ እንጂ ፍርድ አይደለም። ተማሪዋን ከአንድ ወር በኋላ የትኛው ገጸ ባሕርይ በዐይኗ ላይ እንደ ቀረ ብንጠይቃት መልሱ ብዙ ይነግረናል። የድርጊቱ ፍጥነት ትዝ ብሏት የሰዎቹ ጠባይ ከጠፋባት፣ ልብ አንጠልጣይ ታሪክና ሕያው ገጸ ባሕርይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በራሷ ልምድ ትረዳለች። ይህን ልዩነት ከመማሪያ መጽሐፍ ያገኘ ተማሪ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል።

«እንዲህ ያለ መምህር አላውቅም»

ሦስተኛው የበዓሉ ግርማ «ሐዲስ» ነው። የኢሉባቦር ተወላጅ የሆነው በዓሉ ይህን ልብ ወለድ ያቆመው በትውልድ አካባቢው፣ በሱጴ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሐዲስ ሣህሌም በገጠር ያለ ወጣት መምህር ነው። ለወለጋ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የምዕራቡን ጫካ፣ ዝናብና ጭቃ፣ የገጠር ትምህርት ቤት ችግርን በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ስታገኝ የራሷን አገር አገኘች ማለት ነው።

ሆኖም ፍርዷ ጥብቅ ነው፤ «እንዲህ ያለ መምህር አላውቅም፤ ስሕተት የለበትም» ትላለች። አንድ ካድሬ ወይም መምህር ይህን ሲሰማ ሊቆጣ ይችላል፤ አርአያ የሆነን ሰው ወጣቱ ሊከተለው እንጂ ሊተቸው አይገባም የሚል ሐሳብ ሥር የሰደደ ነውና። ነገሩን በሥነ ጽሑፍ ዐይን ስናየው ግን ልጅቱ ደካማውን ቦታ ነክታለች። ገጸ ባሕርይ ለዓላማ ሲባል ከድክመት ሁሉ ሲጸዳ አንባቢ ያደንቀዋል እንጂ አያምነውም። ያላመነውን ሰው ደግሞ አይከተልም፤ ስለዚህ የተፈለገው አርአያነትም ይቀራል።

ለዚህ ፍርድ ደራሲው ራሱ ድጋፍ ይሰጣል። በዓሉ ግርማ የሐዲስ ሣህሌን ታሪክ አስቀድሞ በ1966 ዓ.ም. «የኅሊና ደወል» በሚል ርእስ አሳትሞት ነበር። በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» ብሎ እንደ ገና አስፋፍቶ ጻፈው። አንድ የታወቀ ደራሲ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደ ታተመ ሥራው ከተመለሰ የቀረው ነገር እንዳለ ተሰምቶታል ማለት ነው። ደራሲው ባልረካበት ነገር ተማሪዋ ባትረካ ሊያስደንቀን አይገባም። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አቅርቦ «ምኑ ተለወጠ? ምኑ ተሻሻለ?» ብሎ መጠየቅ ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ክበብ የአንድ ወሰነ ትምህርት ሥራ ይሆናል።

ጥሎ መነሣትም ፍርድ ነው

አራተኛውን መጽሐፍ ተማሪዋ አልጨረሰችውም። ይኸውም በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። «ቃላቱ አስቸገሩኝ፤ ሰዎቹ ይከራከራሉ፤ ታሪኩ ግን አይራመድም» ብላ ከመካከሉ ዘግታዋለች።

«አደፍርስ» ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ ለአንባቢ በቀላሉ እጁን የማይሰጥ ነው። ዳኛቸው ድርጊት ከማከታተል ይልቅ የሰዎችን ክርክር፣ የየአንዳንዱን አነጋገር፣ የገጠሩን ምሳሌያዊ ንግግር ነው ያከማቸው። «ካልደፈረሰ አይጠራም» እንዲሉ፣ በስሙ ነገርን ማደፍረስ የተሸከመው ወጣት የሰፈነውን ጸጥታ እየበጠበጠ ሁሉም የተሸሸገ ሐሳቡን እንዲያወጣ ያደርጋል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለመደሰት የሚነበብ ሳይሆን ለመታገል የሚነበብ ነው። ብዙ የዳበረ ልምድ ያላቸው አንባብያን ሳይቀሩ በመካከሉ ቆመዋል።

ስለዚህ ተማሪዋ ጥላ በመነሣቷ አንወቅሳትም። መጠየቅ ያለብን ያቆመችበትን ቦታና ምክንያቱን ነው። ያቆማት የደራሲው አጻጻፍ ከሆነ ነገሩ የሂስ ጉዳይ ነው። ያቆማት የቃላቱ ባይተዋርነት ከሆነ ግን የትምህርትና የታሪክ ጉዳይ ነው፤ ወደ አምስተኛው መጽሐፍና ወደ ቋንቋው ጥያቄ የሚወስደንም ይኸው ነው።

የቋንቋው ጉዳይ

የጊዳ አያና ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ንባብንም የጀመረው በቁቤ ነው። አማርኛን የተማረው እንደ አንድ የትምህርት ዐይነት ነው። እንግዲህ በሰሜን ሸዋ ገጠር የሚነገረውን አማርኛ እስከ ጥልቀቱ የሚቆፍረው ዳኛቸው ቢከብደው ከስንፍና ሊቆጠርበት አይችልም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዚህ ሁኔታ እስከ መጨረሻው የዘለቀ ልጅ ይልቁንም አድናቆት ይገባዋል።

በዚህ ረገድ ወለጋ የራሷ ታሪክ አላት። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጀው የኦሮምኛ ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ1894፣ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ታትመዋል። አናሲሞስ በኋላ ነቀምቴ ላይ ሲያስተምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1931 እዚያው አርፏል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲካሄድ ኦሮምኛ አንዱ ነበር፤ ፊደሉም የግዕዝ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ከተመረጠ በኋላ የኦሮምኛ ልብ ወለድ በአዲስ ጉልበት ብቅ አለ። ከመጀመሪያዎቹም አንዱ የዳባ ዋዬሳ «ጎዳኒሳ» ነው፤ ትርጉሙ ጠባሳ ማለት ነው።

ተማሪዋ በክረምቱ ያነበበችው አምስተኛ መጽሐፍ ይህ ነው። አስተያየቷም አጭር ነው፤ «ሰዎቹ ጎረቤቶቼ መሰሉኝ» ትላለች። ሐያሲ ይህን ሲሰማ መጠንቀቅ አለበት። በአንድ በኩል ቃሉ እውነት ነው። ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲያነብ በቃልና በትርጉሙ መካከል የሚያቋርጠው ሸለቆ የለም፤ የገጸ ባሕርዩ ቁጣና ቀልድ በቀጥታ ይደርሰዋል። በሌላ በኩል ግን ቅርበት ብቻውን የጥራት ማስረጃ አይሆንም። «ሐዲስ»ን «እንዲህ ያለ መምህር አላውቅም» ብላ የፈተነች ልጅ «ጎዳኒሳ»ንም በዚያው ሚዛን መፈተን ይኖርባታል። ለአንዱ ቋንቋ ሥራ ጥብቅ፣ ለሌላው ለዘብተኛ የሆነ ሚዛን ሁለቱንም ይጎዳል። የኦሮምኛ ልብ ወለድ ከሚገባው ነገር አንዱ ልክ እንደ አማርኛው በምክንያት የሚተቸው አንባቢ ነው፤ ሁለቱን ቋንቋ የምታነብ የወለጋ ተማሪ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ናት።

ከስሜት ወደ ምክንያት

የለጋ አንባቢ ፍርድ ጉድለቱ ግልጽ ነው። ከስሜት ይነሣል፤ ይቸኩላል፤ «ወደድሁት» ወይም «ሰለቸኝ» ብሎ ይቆማል። ይሁን እንጂ ከስሜት ያልተነሣ ሂስ ምን ያህል ደረቅ እንደሚሆን የምናውቅ እኛ ነን። ማክሲም ጎርኪ በወጣትነቱ የፍሎቤርን «የዋህ ልብ» ሲያነብ ስለ አንዲት ተራ አገልጋይ በተራ ቃላት የተጻፈው ታሪክ ለምን ልቡን እንደ ነካው ስላልገባው ገጾቹን ወደ ብርሃን አንሥቶ በመስመሮቹ መካከል የተደበቀ ነገር እንዳለ ይመረምር እንደ ነበር ጽፏል። ጎርኪ በመደበኛ ትምህርት ብዙ የገፋ ሰው አልነበረም፤ የንባብን ጣዕም ያገኘው በቮልጋ መርከብ ላይ ሳሕን እያጠበ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ባነሣበት ቅጽበት ግን ከአንባቢነት ወደ ሐያሲነት ተሻግሯል፤ የተሰማውን ስሜት ምክንያት መፈለግ ጀምሯልና።

በትምህርት ቤቶቻችን ይህ መሸጋገሪያ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። «ጭብጥ»፣ «ሴራ»፣ «ገጸ ባሕርይ»፣ «መቼት» የሚሉት ቃላት ጠቃሚ መሣሪያዎች ናቸው። በተለይ ከዩኒቨርሲቲው መምህርና ገጣሚ ከደበበ ሰይፉ ስም ጋር አብሮ የሚነሣው «መቼት» «መቼ»ንና «የት»ን በአንድ ያዋሐደ ውብ ፍጥረት ነው። ነገር ግን ተማሪው ገና ስለ መጽሐፉ አንዳች ነገር ሳይሰማው ሠንጠረዡን ሙላ ከተባለ መሣሪያው ሥራውን ይተካል። ተማሪውም የመጽሐፉን ማጠቃለያ ከጓደኛው ደብተር ገልብጦ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ መጽሐፉን ያነበበችውና ከመካከሉ ያቆመችው ልጅ ግን ዜሮ።

ነገሩ የትምህርት ዘዴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንባቢ የመፍረድ ልማድ በሌለው ኅብረተሰብ ውስጥ ፍርዱን ሌላ ሰው ይወስደዋል። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በታተመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከገበያ ሲሰበሰብ ስለ መጽሐፉ የፈረዱት በሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ አንባቢ ገና አንብቦ አልጨረሰም ነበር። ደራሲው ከሥራው ተወገደ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ታትሞ ለሌላው ዓለም አንባቢ ደረሰ። መጽሐፉን ያተረፉት በየመንደሩ እየተዋሰሱ ያነበቡትና የራሳቸውን ፍርድ የሰጡት ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ያን ጊዜ ተማሪዎች ነበሩ።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተመለከትነው ተነሥተን ለመምህራን፣ ለባህል ሠራተኞችና ለራሳችን ለሐያስያን ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት የቋንቋ መምህራን ስለ ክረምቱ ንባብ ሲጠይቁ «ጭብጡ ምንድን ነው?» ከማለታቸው በፊት «የት ላይ ቆምሽ? የት ላይ ማቆም አቃተህ? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። መልሱም ከገጹ ማስረጃ ጋር ይቅረብ። «አልወደድሁትም» የሚለው ቃል የቀረበበትን አንቀጽ አውጥቶ ካሳየ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤቶችና የትምህርት ቤት ክበባት የመጻሕፍት ውይይት ሲያዘጋጁ ደራሲን ማወደስ ብቻ የፕሮግራሙ ግብ አይሁን። የአማርኛና የኦሮምኛ ልብ ወለዶች በአንድ መድረክ፣ በአንድ ሚዛን ይቅረቡ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ጊዳ አያና ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ስለዚህ የመጽሐፉ ቅጂ ራሱ ካልደረሰ ስለ ንባብ ባህል የሚደረገው ንግግር ባዶ ነው። ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ የተለያየ መጽሐፍ ከመላክ ይልቅ አንዳንድ ጊዜ አንዱን መጽሐፍ በሠላሳ ቅጂ መላክ ይበልጣል፤ ውይይት የሚነሣው ሰዎች አንድ ነገር አንብበው ሲለያዩ ነውና።

ሦስተኛ፣ በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ የምንጽፍ ሐያስያን ስለ አንድ ልብ ወለድ ስንፈርድ ለጋው አንባቢ የቆመበትን ቦታ እንጠይቅ። አስተያየቱን ሁልጊዜ እንቀበለው ማለት አይደለም። የገበሬዎቹን አመፅ የዘለለችውን ልጅ ወደ ምዕራፉ እንመልሳታለን፤ በአምስተኛው መጽሐፍ ሚዛኗን ያላላችውንም እናሳስባታለን። እርሷም በበኩሏ ስለ ሰብለ ወንጌል ውሳኔ ያነሣችውን ጥያቄ ይዛ ትጠብቀናለች፤ ያ ጥያቄ ደግሞ እስከ ዛሬ ከእኛ ወገን በቂ መልስ አላገኘም።